ሞተር በመንደር መንገድ በ300 ሲከንፍ

መጀመሪያ አንድ ጎዳና ላሳያችሁ። ብሬይ ሂል ይባላል። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው አይል ኦፍ ማን በምትባል ደሴት፣ ዋና ከተማዋ ዳግላስ ውስጥ ያለ ቁልቁለት ነው። (“የማን ደሴት” ብዬ ልተረጉማት ነበር፤ ጥያቄ መሰለብኝና ተውኩት።) ግራና ቀኙ መኖሪያ ቤት ነው። በር አለ፣ መስኮት አለ፣ የመብራት ምሰሶ አለ፣ የእግረኛ መንገድ አለ። በአዘቦት ቀን ሰው ገበያ ሄዶ የሚመለስበት ተራ መንገድ ነው። በዓመት ለጥቂት ቀናት ግን ይዘጋና ሞተር ሳይክሎች በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፉ ይወርዱበታል። ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ቀና ሲል ሞተሩ ወደ መሬት ይደፈጠጣል፤ ሆዱ አስፋልቱን ሊልስ ምንም አይቀረው። ሞተረኛው አገጩን ነዳጅ ታንከሩ ላይ ለጥፎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ገና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ያ አንድ ዙር ነው።

ይህን ሞተሩ ላይ በተገጠመ ካሜራ መጀመሪያ ሳየው ከአፌ የወጣው “ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው?” የሚል ነበር። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ይመስለኛል። እያደር ግን ጥያቄዬ ተቀየረ። አሁን ውድድር ሳይ የማስበው ስለ ሰውዬው ጤንነት ሳይሆን ስለ አጥሩ ነው። ቢወድቅ ምን ያገኘዋል? የዚህ ስፖርት ምስጢር፣ ደስታውም አስፈሪነቱም፣ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሞተር ሳይክል የአስፋልት ውድድር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለውድድር ተብሎ በተሠራ ትራክ ላይ ነው። በቴሌቪዥን ሞቶ ጂፒ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። ሌላው ሰው በየቀኑ የሚመላለስበትን መንገድ ለተወሰነ ሰዓት ዘግቶ የሚካሄድ ነው። የዚህኛው ዋናው አይል ኦፍ ማን ላይ የሚደረገው ቲቲ (ቱሪስት ትሮፊ) ነው። የሰሜን አየርላንዱ ኖርዝ ዌስት 200 እና የማካው ግራንድ ፕሪም እዚሁ ወገን ናቸው። በፍጥነት ጣሪያ ከሆነ ትራኩ ይበልጣል። የሞቶ ጂፒው ብራድ ባይንደር በ2023 ጣሊያን ውስጥ ባለው ሙጄሎ ትራክ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ደርሷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቲቲ ላይ ከፍተኛው 320 አካባቢ ነው። በገዳይነት ግን የሚስተካከለው የለም። ቀርፋፋው የበለጠ ይገድላል ማለት ነው። ለምን?

መዳፍ በምታክል ላስቲክ ላይ

ሞተር ሳይክል ሲቆም ይወድቃል፣ ሲሮጥ ይቆማል። ጎማው አስፋልቱን የሚነካው መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ ነው። የፊቱ አንድ መዳፍ፣ የኋላው አንድ መዳፍ። ፍሬን መያዝ፣ መታጠፍ፣ ነዳጅ መስጠት፣ ሁሉም በእነዚህ ሁለት መዳፎች በኩል ያልፋል።

እኔ ይህን እንደ ወር ደመወዝ ነው የማየው። ጎማው አስፋልቱን ነክሶ የመያዝ አቅሙ የተወሰነ ነው። ሁሉንም ለፍሬን ካወጣኸው ለመታጠፊያው የሚተርፍ የለም። ጎበዝ ሞተረኛ ይህን ደመወዝ ሳንቲም ሳያባክን፣ ዕዳም ሳይገባ ያብቃቃል። ወደ ኩርባው ሲገባ ፍሬኑን ቀስ እያለ ይለቃል፤ በለቀቀው ልክ ሞተሩን ያጋድማል። ሲወጣ ሞተሩን ቀስ እያለ ያቀናል፤ ባቀናው ልክ ነዳጅ ይጨምራል። ከውጭ ስታዩት ዥው ብሎ ያለፈ ነው የሚመስለው። ውስጡ ግን የሒሳብ ሥራ ነው። ሞተሩ 45 ዲግሪ ሲጋደም ጎማውን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከሞተሩና ከሰውዬው ክብደት ጋር እኩል ይሆናል። የሞቶ ጂፒ ተወዳዳሪዎች ከ60 ዲግሪ በላይ ያጋድማሉ። ያን ጊዜ ክርናቸው አስፋልት ይፍቃል።

አስተጣጠፉም የራሱ ጉድ አለው። በፍጥነት ላይ ያለ ሞተር ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ ከፈለግህ የቀኙን እጀታ ወደፊት ትገፋለህ። የፊቱ ጎማ ለቅጽበት ወደ ግራ ይዞራል ማለት ነው። ጎማው ከሥር ወደ ግራ ሲሸሽ ሞተሩ ከላይ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ከዚያ ያጋደለበትን ተከትሎ ይታጠፋል። ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ሳያውቀው የሚያደርገው ነገር ነው። በ300 ላይ ግን የሚሽከረከሩት ጎማዎች አቅጣጫ መቀየር አይወዱም። እጀታውን በትከሻ ኃይል መግፋት ያስፈልጋል። “ቁጭ ብሎ መሄድ ምኑ ስፖርት ነው?” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ሒሳቡ ሲፋለስ መውደቅ አለ። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገር ነው። ጎማው ይከዳል፣ ሞተሩ በተጋደመበት በኩል ይተኛል፣ ሰውዬው በመቀመጫው እየተንሸራተተ ከኋላው ይከተለዋል። ሁለተኛው ክፉ ነው። ከኩርባ ሲወጣ የኋላው ጎማ ወደ ጎን ይሸሻል። ሞተረኛው ይደነግጥና ነዳጁን ይቆርጣል። ጎማው በድንገት አስፋልቱን መልሶ ይነክሳል። ያን ጊዜ የተጋደመው ሞተር እንደ ተለቀቀ ወጥመድ ቀጥ ይልና ሰውዬውን ሽቅብ ይወረውረዋል። ልምድ ያለው ሰው ነዳጁን ጨርሶ አይቆርጥም፤ ይቀንሳል እንጂ። ይህን ለመወሰን ያለው ጊዜ ግን ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ አይበልጥም።

እንግዲህ ወደቀ እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ ጋር የሚላተም ሰው ከ39 ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ቁጠሩት። አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ገደማ ነው። በ300 ከሆነ ሦስት እጥፍ እንዳይመስላችሁ። ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከፍታው ከ350 ሜትር ያልፋል። ኤፍል ማማ ራሱ 330 ሜትር ነው።

ታዲያ በቴሌቪዥን የምናየው እንዴት ነው? ሰውዬው በ200 ይወድቃል። ይንሸራተታል፣ ይንከባለላል፣ ጠጠር ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ ብድግ ብሎ አቧራውን ያራግፍና በንዴት ጓንቱን ይወረውራል። ያዳነው ቦታ ማግኘቱ ነው። ከመቶ ሜትር በላይ እየተፈተገ ሲቆም ያ ሁሉ ጉልበት መቶው ሜትር ላይ ይከፋፈላል። ግንብ ቢያገኘው ኖሮ ያው ጉልበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። አጥንትም ጉበትም ይህን አይችሉም።

የትራክ ሰዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ቦታ መፍጠር። ግንቡን ወደ ኋላ ገፉት። በመሃል ጠጠር አፈሰሱ። ሊገፋ ያልቻለውን አየር በተሞላ ትልልቅ ትራስ ሸፈኑት። የቆዳ ልብሱ ውስጥ ኤርባግ አስገቡ። ሞተረኛው መውደቁን ራሱ አውቆ፣ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ተነፍቶ ትከሻውን ያቅፈዋል። ሞቶ ጂፒ በ2018 ግዴታ አድርጎታል። ቦታ መፍጠር ያልተቻለበት ትራክ ደግሞ ይቀራል። ጃፓናዊው ዳይጂሮ ካቶ በ2003 ሱዙካ ላይ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሲሞት የዓለም ሻምፒዮናው ያን ትራክ ጥሎት ወጣ።

መንደር ግን ወደ ኋላ አይገፋም። የሰው ሳሎን አፍርሰህ ጠጠር አታፈስበትም። ቲቲ ላይ ምሰሶው በፍራሽ ይጠቀለላል፣ አስጊ ጥጎች ላይ ትራስ ይደረደራል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን 60 ኪሎ ሜትር መንገድ ግራና ቀኙ ሲደመር 120 ኪሎ ሜትር ጠርዝ ነው። ድንጋይ ካብ፣ ዛፍ፣ የቤት ጥግ፣ ድልድይ፣ ገደል። ማን ሸፍኖ ይጨርሰዋል?

የዓሣ መኪናው

ለምን እዚያ ደሴት ላይ ሆነ? በሕግ ምክንያት ነው። እንግሊዝ በ1903 ባወጣችው ሕግ የተሽከርካሪ ፍጥነት በሰዓት ከ20 ማይል (32 ኪሎ ሜትር) እንዳይበልጥ ወሰነች። የሕዝብ መንገድ ዘግቶ መወዳደርም አይፈቀድም ነበር። አይል ኦፍ ማን ግን ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ፓርላማ አላት። በ1904 መንገድ ለውድድር መዝጋት የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ቲቲ በ1907 ተጀመረ። ከ1911 ጀምሮ ደግሞ ተራራውን የሚዞረውን ትልቁን መንገድ ያዘ። አንድ ዙሩ 60.7 ኪሎ ሜትር ነው። ከ200 በላይ ኩርባ አለው። ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥቶ ከ400 ሜትር በላይ ይወጣና ይመለሳል።

ፍጥነቱ እንዴት እንዳደገ ተመልከቱ። በ1907 ቻርሊ ኮሊየር በአጭሩ መንገድ ሲያሸንፍ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ነበር። ልክ በሃምሳኛው ዓመት፣ በ1957፣ ቦብ ማኪንታየር ትልቁን መንገድ ከ161 በላይ በሆነ አማካይ ዞረው። በሃምሳ ዓመቱ እንደገና፣ በ2007፣ ጆን ማክጊነስ 209 አለፈ። በ2023 ፒተር ሂክማን ዙሩን በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ጨረሰው። አማካዩ 219 ነው። አማካይ! ቀስ ብሎ መታጠፍ የሚጠይቀውን ጥግ ሁሉ ጨምሮ ማለት ነው። በየሰከንዱ 61 ሜትር። ብዙዎቹ ግንቦች ግን ድሮ የነበሩበት ናቸው።

መጀመሪያ አካባቢ የነበረው ግድየለሽነት ዛሬ ሲሰማ ያስገርማል። በ1927 አርቺ ቢርኪን የተባለ ተወዳዳሪ ልምምድ ላይ እያለ ከዓሣ መኪና ጋር ላለመጋጨት ሲሸሽ ሞተ። አዎ፣ ዓሣ የጫነ መኪና። ልምምድ የሚደረገው መንገዱ ለሕዝብ ክፍት እያለ ነበር! ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለልምምድም መዘጋት ጀመረ። ያ ኩርባ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ቲቲ ከ1949 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና አካል ነበር። ነጥብ የሚፈልግ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ እዚያ መሄድ ነበረበት። በ1972 ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዝናብ ተራራው ላይ ወድቆ ሞተ። ጓደኛው ጃኮሞ አጎስቲኒ፣ የአሥራ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው፣ ከዚያ ዓመት በኋላ ቲቲ ላይ አልተወዳደረም። ሌሎችም ተከተሉት። ከ1976 በኋላ ቲቲ ከሻምፒዮናው ወጣ። በእኔ ግምት ይህ ለሁለቱም በጀ። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ተወዳዳሪ ለነጥብ ብሎ የሚሄድ የለም፤ ፈልጎ ነው የሚሄደው።

ሞቱ ግን አላቆመም። ከ1911 ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ በልምምድና በውድድር ያለቁት ተወዳዳሪዎች ከ260 ይበልጣሉ። በ2022ቱ ቲቲ ብቻ ስድስት ሞተዋል።

ተራራውን በቃል መያዝ

ታዲያ ምን ፍለጋ ይመጣሉ? የሞቶ ጂፒ ዓይነት ደመወዝ እዚህ የለም። ብዙዎቹ ሌላ እንጀራ አላቸው። ጋይ ማርቲን የጭነት መኪና መካኒክ ነበር። በ2010 ባላጋሪ ከሚባለው ኩርባ ላይ ወድቆ ሞተሩ በእሳት ጋየ፣ እሱ የአከርካሪ አጥንቱ ተሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጣ።

መልሱ ያለው ትውስታ ላይ ይመስለኛል። ትራክ ላይ ኩርባው አሥራ አምስት ገደማ ነው፣ በየሁለት ደቂቃው ይደጋገማል። ብትሳሳት ከሁለት ደቂቃ በኋላ ታርመዋለህ። ቲቲ ላይ ከ200 በላይ ነው፣ በትልቁ ውድድር እያንዳንዱን የምታገኘው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ከግንብና ከዛፍ ጀርባ ስለተደበቁ መግቢያቸው ላይ እስክትደርስ አይታዩም። በ250 እየመጣህ የማታየው ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ሳትቀንስ ለመግባት ከጀርባው ያለውን በቃልህ ማወቅ አለብህ። ያች ነጭ በር ጋ ስደርስ ልጀምር። ያ ያጋደለ ዛፍ ሲያልፍ ላቅናው። ቀጥሎ መንገዱ መሃል የፍሳሽ ክዳን አለ፣ በስተግራው ልለፍ። እንዲህ እንዲህ እያሉ 60 ኪሎ ሜትር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እዚህ ሮጦ የታጠቀ አይቆይም። አዲስ ተወዳዳሪ ከመምጣቱ በፊት ቪዲዮውን ደጋግሞ ያያል፣ በመኪና ይዞረዋል፣ የመጀመሪያ ዙሩንም በተገደበ ፍጥነት ልምድ ያለው ሰው እየመራው ነው የሚያደርገው። እንደዚያም ሆኖ መንገዱን በደንብ ለመያዝ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ነው አሸናፊዎቹ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ገፋ ያሉ የሚሆኑት። ጎረምሳ ድፍረት እዚህ ብዙ አያስኬድም።

መንገዱም በየቀኑ አንድ አይደለም። ዛፍ ሥር ያለው አስፋልት ሌላው ከደረቀ በኋላም እርጥብ ነው። ታች ፀሐይ ሆኖ ተራራው ላይ ጉም ይተኛል። ነጭ ቀለም የተቀባ መስመር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ባላው በሚባለው መንደር ያለችው ድልድይ ጉብታ ናት፤ ሁለቱም ጎማ ከመሬት ይለቃል፣ ሞተሩ አየር ላይ እያለ ቀጥ ብሎ ካልተያዘ ማረፊያው አይታወቅም። ትንኝ የሄልሜቱን መስታወት ይለብጠዋል። በየሁለት ዙሩ ነዳጅ ሊቀዱ ሲቆሙ አንዱ ሥራ መስታወቱን ማጽዳት ነው። አስቡት፣ በ300 እየሄድክ ትንኝ ጋረደህ።

እንዲህ ያለ ሥራ አእምሮን ጥርግ አድርጎ ይወስዳል። የባንክ ዕዳ፣ የቤት ጭቅጭቅ፣ ያልተመለሰ ስልክ፣ ሁሉም ይጠፋል። ቀጣዩ ኩርባ ብቻ ይቀራል። ደስታው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አጥሩ ባይኖር ይህን ያህል ሙሉ ትኩረት አይመጣም ነበር። የሚገድለው ግንብና የሚያነቃው ግንብ አንድ ነው።

ይህን ከደንሎፕ ቤተሰብ በላይ የሚያሳይ የለም። ጆይ ደንሎፕ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ መጠጥ ቤት ያለው ዝምተኛ ሰው ነበር። ለሩማንያ ወላጅ አልባ ሕፃናት ራሱ መኪና እየነዳ እርዳታ ያደርስ ነበር። ቲቲን 26 ጊዜ አሸንፏል። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ያገኘው በ2000፣ በ48 ዓመቱ ነው። ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ ኢስቶኒያ ውስጥ፣ ታሊን ላይ፣ በዝናብ ሲወዳደር ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ወንድሙ ሮበርት በ2008 ኖርዝ ዌስት 200 ልምምድ ላይ ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ የሮበርት ልጅ ማይክል እዚያው ተወዳድሮ አሸነፈ። የማይክል ወንድም ዊሊያም በ2018 ሌላ የአየርላንድ መንገድ ላይ ሞተ። ማይክል አልተወም። በ2024 የአጎቱን 26 ድል አለፈ፣ በ2025 ቁጥሩን 33 አደረሰ። ይህን ታሪክ ጀግንነት ነው ልበል ወይስ እርግማን፣ ዛሬም አልቆረጠልኝም።

ትራኩ ሰላም ነው ማለቴም አይደለም። በ2011 ማሌዥያ ውስጥ ባለው ሴፓንግ ትራክ ላይ የሞቶ ጂፒው ማርኮ ሲሞንቼሊ ሲወድቅ ሞተሩ ወደ ውጭ አልሸሸም። ጎማው መልሶ ነከሰና ወደ መንገዱ መሃል ጎተተው። ከኋላ የመጡ ሁለት ተወዳዳሪዎች መቱት። አንዱ ጓደኛው ቫለንቲኖ ሮሲ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ጠጠር መልስ የለውም። ቲቲ ላይ በአንጻሩ አንድ በአንድ በ10 ሰከንድ ልዩነት ስለሚነሡ እርስ በርስ የመገጫጨቱ ነገር ያንሳል። እዚያ ባላጋራህ ሰዓትና ግንብ ነው።

“አውቀው ነው የገቡት” የሚለው መልስ ለእኔ ግማሽ መልስ ነው። ተወዳዳሪው ፈርሟል። ሚስቱ አልፈረመችም። ጥግ ላይ ባንዲራ ይዞ የቆመው በጎ ፈቃደኛም ያን ነገር ለማየት አልፈረመም። ግን ይከልከል ለማለትም አፌ አይታዘዝም። ከውድድሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ተመልካቹ ነው። አብዛኛው የራሱን ሞተር ይዞ ይመጣል። ደሴቷ አጠቃላይ የፍጥነት ገደብ የላትም፣ ተራራው ላይ ያለው መንገድም ክፍት ነው። ትናንት ያየውን ሊሞክር የሚወጣ ብዙ ነው። ስለዚህም በውድድሩ ሰሞን የተራራውን መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ ያደርጉታል። ያ ሰው ከተወዳዳሪው ጋር አንድ ዓይነት ሞተር ሊኖረው ይችላል። ነጭ በሯን ግን አያውቃትም።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል ተወዳዳሪዎቹ ተሰልፈው ይቆማሉ። አስጀማሪው በየ10 ሰከንዱ የአንዱን ትከሻ መታ ያደርጋል። የተመታው ይሄዳል። ቀጣዩ አንድ እርምጃ ይጠጋል። የመጨረሻው ሞተር ተመልሶ ሲገባ “መንገዱ ክፍት ነው” የሚል ጽሑፍ የያዘ መኪና ሙሉውን ዙር ይዞራል። ከኋላው አውቶብሱ ፍሬኑን እየያዘ ብሬይ ሂልን ይወርዳል።